«ጎሳ» ያልኩት እኔ ነኝ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

ጎሳ አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከፊልሙ ሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ፊልሙ ውስጥ ያለው ጋዜጣ ልጆቹን «የፀሐይ ትራይብ» ብሎ ሰደባቸው፤ እኔም ማይኩን አፌ ላይ ለጥፌ «የፀሐይ ጎሳ!» አልኩ። ቪዲዮ ቤቱ በፉጨት ተናጋ።

ቀን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ሸምሱ ቪዲዮ ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ ፊልም እተረጉማለሁ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አይወድልኝም። ለእኔ ግን ከሳምንቱ ሁሉ ሰው የምሆንባት ሰዓት እሷ ናት። ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪው በመስኮት ዝናብ ያያል፤ እዚያ ግን መቶ ሰው ትንፋሹን ይይዝልኛል።

የዛሬው የጃፓን ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ አሮጌ። ትምህርት ቤታችን ያስተምር የነበረ ጃፓናዊ የሒሳብ መምህር አገሩ ሲገባ የተወልኝ ሲዲ ነው። ሲሰጠኝ እየሳቀ የነገረኝ ነገር አለ። ፊልሙ ከጦርነቱ በኋላ ሲወጣ አገር ተረበሸ፤ እናቶች ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆመው ልጆቻቸውን መለሱ፤ የእሱ አባት ልጅ ሳለ ተደብቆ አይቶት ሲመለስ በቀበቶ ተገረፈ። ምን እንዲህ አስቆጣቸው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳየው ገባኝ። አምስት የሀብታም ልጆች የአንዱን አባት ጀልባ ይሰርቃሉ። ክረምቱን ባሕር ላይ ይጠጣሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ትልቅ ሰው ይሰድባሉ። ከዚያ ዓሣ ገበያ የምትሠራ አንዲት ድሃ ልጅ አታለው ጀልባው ላይ ያወጣሉ። የሚያደርጓት ነገር እዚህ አይጻፍም። ሲጨርሱ በውርርድ ባሕር መሀል አለት ላይ ጥለዋት ይሄዳሉ። ዋኝታ ትመለሳለች።

እሷ ጋ ስደርስ ዝም አልኩ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ዝም። «ተርጉሚ!» ብለው ጮኹብኝ፤ አልቻልኩም። አምስቱ ልጆች እንደገና ሲመጡ ቀጠልኩ።

ስወጣ የጋሽ ሸምሱን ጥቁር ሰሌዳ አየሁ። በጠመኔ፣ በትልቁ፦ «ዛሬ! የፀሐይ ጎሳ አመፅ! በቲቸር ሮማን ትርጉም»። ፊልሙ መሀል ላይ መጋረጃውን ገልጦ ርዕሱን ሲጠይቀኝ እንጃ፣ የፀሐይ ጎሳ የሚል ነገር አለበት ብዬው ነበር። አመፁን ከየት አመጣኸው ስለው «ሰው ያለ አመፅ አይገባም» አለኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 13

ዝናብ። ልብስ አጠብኩ፤ አልደረቀም። የፈተና ወረቀት አረምኩ።

ያቺ የዓሣ ገበያ ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

ሰኞ፣ ግንቦት 14

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስገባ ግማሾቹ እጃቸው ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይ ሥለዋል። ክብ፣ ዙሪያዋን ጨረር። «ምንድን ነው?» አልኩ። «ጎሳችን ነው፣ ቲቸር!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የቤንቹም፣ የከፋውም፣ የጉራጌውም፣ የአማራውም ልጅ ሥሏል። ከሸኮ መጥቶ እዚህ ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ግንባሩ ላይ ነው የሣለው።

መቆጣት ነበረብኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፦ ኮራሁ። ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ሰዋስው እጃቸው ላይ አልወጣም፤ አንድ ቅዳሜ የተናገርኩት ቃል ወጣ።

ከክፍል በኋላ ጥሩወርቅ ቀረች። ጥሩወርቅ ማለት የእኔ ደመወዝ ማለት ናት፤ እሷን ሳይ መንግሥት በከንቱ አይከፍለኝም እላለሁ። ሳትጠየቅ አታወራም፤ ስታወራ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። እናቷ እትዬ አስካለ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አባቷ የዚሁ አገር ሰው፣ ቤንች ነበሩ። አባትየው ሲሞቱ አጎቶቿ የቡና መሬቱን ወሰዱት፤ «እናንተ የኛ አይደላችሁም» አሏቸው። እትዬ አስካለ ወደ ሰፋሪ ዘመዶቻቸው ቢሄዱ እነዚያም «ከባላገሩ የወለድሽውን ይዘሽ ነው የምትመጪ?» አሏቸው። አሁን እናትና ልጅ መናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ።

«ቲቸር፣ ያቺን ልጅ ለምን አልተረጎምሻትም?»

«የቷን?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«ዋኝታ የወጣችውን። ባሕሩ ዳር ፖሊስ ጠየቃት፣ መለሰች። ጽሑፉ ቶሎ አለፈብኝ።»

ነገርኳት። ፖሊሱ «የማን ልጅ ነሽ?» ይላታል። እሷ ጸጉሯ እየተንጠባጠበ «የማንም አይደለሁም» ትላለች።

ጥሩወርቅ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ ደገመችው። የእሷም እጅ ላይ ፀሐይ አለች፤ ግን ትንሽ፣ አንጓዋ ላይ፣ ሰዓት የሚታሰርበት ቦታ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 15

ወሰዷት።

በሥርዓት ልጻፈው። በሚቀጥለው ሰኞ የመልቀቂያ ፈተና ነው። ያለ ቀበሌ መታወቂያ አዳራሽ አይገባም። ጥሩወርቅ ጠዋት ልታወጣ ሄደች። ቅጹ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ብሔረሰብ ይላል። ጸሐፊው ብሔረሰብ የሚለውን ባዶ መተዋን አየና መለሰላት። «አንዱን ጻፊ» አላት። «የቱን?» አለችው። «የራስሽን ነዋ! ወረፋ አትዝጊ።» ኋላዋ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። ጻፈች። «ፀሐይ» ብላ ጻፈች።

ይኼ ጸሐፊ ቅዳሜ በጋሽ ሸምሱ በር ሲያልፍ ሰሌዳውን አንብቧል። የጎሳ አመፅ። ትላንት ደግሞ እጃቸው ላይ ምልክት ያላቸው ተማሪዎች በመንገድ አይቷል። ዛሬ ወረቀት ላይ አገኘውና ፖሊስ ጠራ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ምን አስብ እንደነበር እንጃ። ዘንድሮ ሰው እንኳን ጎሳ ሰምቶ፣ ውሻ ሲጮህም «የማን ውሻ ነው?» የሚልበት ጊዜ ነው።

ከሰዓት ሰሌዳውን ወሰዱት፤ ቪዲዮ ቤቱን አሸጉት። ተማሪው ሁሉ ውኃ ቧንቧው ጋ ተሰልፎ እጁን በሳሙና ሲፈትግ አየሁ። ማንም አልሳቀም። እኔም እጄን ታጠብኩ፤ እኔ ላይ ምንም አልነበረም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 16

ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋ።

«መምህርት ሮማን፣ እኔ ምንም አልጠይቅሽም። አንቺም ምንም አትንገሪኝ። ዝም አይነቅዝም።»

«ልጅቷ ሰኞ ፈተና አለባት» አልኩ።

«አንቺም ደመወዝ አለብሽ» አለኝ።

ወጣሁ። ዝም ማለት ይኼን ያህል እንደሚቀል አላውቅም ነበር።

ከሰዓት ጋሽ ሸምሱ ቤቴ መጣ። አልቀመጥም አለ። ጣቢያ ቃሉን ሰጥቷል። «ሲዲው ሽፋን ላይ የተጻፈውን ነው የገለበጥኩት አልኳቸው» አለኝ። ሽፋኑ ላይ ያለው ግን ጃፓንኛ ብቻ ነው። ይኼን ስነግረው ላብ አጠመቀው። «እኔ ስድስት ልጅ አለኝ። ቃሉን ያመጣሽው አንቺ፣ እኔ ጠመኔ እንጂ ምን አለኝ?» እውነቱን ነው። ተናደድኩበት፤ እውነቱን ስለሆነ ነው የተናደድኩበት።

የሚያስፈራኝን ልዘርዝር፣ ምናልባት ይቀል ይሆናል፦

መታሰር።
ከሥራ መባረር። እናቴ ከእኔ ሌላ ጧሪ የላትም።
ሰው በመንገድ ሲያየኝ ዞር ማለቱ።
ጥሩወርቅ ስሜን መጥራቷ።
ጥሩወርቅ ስሜን አለመጥራቷ።

አልቀለለም። ሁለት ቀን ሆናት። አንድም ቀን እንዴት ሆንሽ ብዬ አልሄድኩም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 17

እትዬ አስካለ ንጋት ላይ በሬን አንኳኩ። ነጠላቸው በጭቃ ተበላሽቷል። ሦስት ቀን ወደ ጣቢያው በሚወርደው ቁልቁለት ሲመላለሱ ነው።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ። «እኔ ምን አጠፋች ብዬ ስጠይቅ ፀሐይ ብላ ጻፈች ይሉኛል። ፀሐይ ምን በደለቻቸው፣ ልጄ?»

እስቲ ምን ልበል? ዳቦና ሙዝ ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ። በአጥሩ በኩል አሳዩን። ጥሩወርቅ የታችኛው ከንፈሯ አብጧል። እናቷ «ምን ነካሽ?» ሲሏት «ወድቄ ነው» አለች፤ እኔን ሳታይ። እጇን ከሹራቧ ውስጥ አላወጣችም።

እትዬ አስካለ ዳቦውን ለዘበኛው ሲያስፈትሹ ጥቂት ጊዜ አገኘን። በእንግሊዝኛ አናገረችኝ፤ ዘበኛው እንዳይሰማ። የአባላቱን ስም ስጪ አሏት። መሪው ማን ነው? ስብሰባችሁ የት ነው? ፀሐይ ማለት የየትኛው ድርጅት ምልክት ነው? እሷም የፊልም ነገር ነው አለቻቸው። «ፊልሙን ማን ተረጎመው?» ሲሏት ዝም አለች።

«ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት። «ሰሌዳው ላይ ስሜ አለ እኮ!»

«ስምሽን ዝናቡ አጥቦታል» አለችኝ። «ሰሌዳውን አሳዩኝ፤ የታችኛው መስመር የለም። ሸምሱም አልተናገረም።»

ጋሽ ሸምሱም አልተናገረም። ይኼን ለእኔ አልነገረኝም። ትላንት እንደዚያ ሲያልበው በልቤ የሰደብኩትን ስድብ ሁሉ አሁን ራሴ ተሸከምኩት።

ተማሪዬ ጥርሷን ነክሳ ስሜን ይዛለች። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ዝርዝር እጽፋለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 18

ሄድኩ። መዝገበ ቃላቴን፣ ሲዲውን፣ ከጥርስ ብሩሽ ጋር አንድ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ይዤ።

መርማሪው ጎልማሳ ነው፤ አማርኛው ዝግ ያለ፣ ቃል የሚመርጥ። «እኔም ይኼን ቋንቋ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት» አለኝ። ፊልም መሆኑን፣ ቃሉ የእንግሊዝኛ መሆኑን አስረዳሁት። መዝገበ ቃላቱን ገልጬ ትራይብ የሚለውን አሳየሁት። ጎሳ ይላል። ጣቱን ቃሉ ላይ አቆየው።

«ቃል ነው ትይኛለሽ» አለ። «መምህርት፣ እዚህ አገር ሰው በምን የሚሞት ይመስልሻል? ጥይቱ እኮ ኋላ ነው የሚመጣው።»

መዝገበ ቃላቱን ከጣቱ ሥር ስቤ ዘጋሁት።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን አለ። «እስቲ ፊልሙን እንየው።»

ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጋሽ ሸምሱ ቪዲዮ ቤት እሽጉ ተፈታ። መቶ ሰው በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ አራት ሰው ተቀመጠ፦ መርማሪው፣ የቀበሌው ጸሐፊ፣ አንድ የማላውቀው ኮት የለበሰ ሰው፣ መጨረሻው ላይ ጥሩወርቅ። አጠገቧ ፖሊስ ቆሟል። ጋሽ ሸምሱ ሲዲውን ከተተ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ልገባ ስል መርማሪው «እዚህ ሆነሽ፣ እያየሁሽ» አለ።

ያለ ማይክ፣ በቆምኩበት ተረጎምኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። ጋዜጣው መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩበት ቦታ ነው። ልጆች ማለት እችላለሁ፤ የፀሐይ ልጆች። ቅዳሜም ልጆች ብዬ ቢሆን ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ጥፋት የለበትም፣ ትርጉም ነው፣ ማንም አይከሰኝም።

«የፀሐይ ልጆች» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መርማሪው እጁን አነሳ፤ ጋሽ ሸምሱ አቆመው። ስክሪኑ ላይ አምስቱ ልጆች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

«ልጆች ካልሽ» አለ መርማሪው ዝግ ብሎ፣ «ታዲያ ጎሳ ያለው ማን ነው?»

ጸሐፊው ቀስ ብሎ ዞሮ ጥሩወርቅን አየ። ያኔ ገባኝ። እኔ ልጆች ካልኩ ጎሳውን የፈጠረችው እሷ ናት ማለት ነው። በአንድ ቃል ራሴን አውጥቼ እሷን ከተትኩ። ጥሩወርቅ አየችኝ። ተናደደች ብል ደግ ነበር። አልተናደደችም። ከእኔ ሌላ ነገር ያልጠበቀች ሰው ነበር የምትመስለው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጎሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጎሳ ነው ያልኩት። አሁን ልጆች ያልኩት ፈርቼ ነው።»

ኮት የለበሰው ሰው ጻፈው።

«ቀጥዪ» አለ መርማሪው። ቀጠልኩ። ያቺ የዓሣ ገበያ ልጅ ጀልባው ላይ ስትወጣ አልዘለልኩም። ያሏትን ሁሉ፣ የለመነቻቸውን ሁሉ ተረጎምኩ። አምስት ወንዶች ፊት ቆሜ። ጸሐፊው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ዋኝታ ወጣች። «የማን ልጅ ነሽ?» አልኩ በፖሊሱ ድምፅ። «የማንም አይደለሁም» አልኩ በእሷ።

ሲያልቅ መርማሪው አግዳሚው ላይ ዞረ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለጥሩወርቅ ተናገረ።

«ጎሳ የተባሉት እነዚያ ባለጌዎቹ ናቸው። ለራስሽ የሰጠሽው ስም ስድብ ነው። አውቀሻል?»

«አሁን አወቅኩ» አለች። «ቅዳሜ አልተተረጎመም ነበር።»

ቃሌን ሰጥቼ ፈረምኩ። ፌስታሌን ይዤ ቤቴ ተመለስኩ። አላሰሩኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 19

ረፋድ ላይ ለቀቋት። በቀጥታ ግን ወደ ቤቷ አይደለም፤ መጀመሪያ ቀበሌ። መታወቂያ ሳታወጣ እንዳትሄድ ተብሏል። እኔና እትዬ አስካለ ተከትለን ገባን።

አዲስ ቅጽ ሰጧት። ስሟን ጻፈች። የአባቷን ስም፣ ዕድሜዋን። አራተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ጸሐፊው በዚህ ጊዜ አልጮኸባትም፤ ትላንት ያየው ፊልም ያለዘበው መሰለኝ። ሁላችንም ጠበቅን። ከዚያ ቅጹን ወደ ራሱ ሳበና «የአባት ይከተላል» ብሎ ራሱ ሞላው። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታ።

እትዬ አስካለ ወጥተን መንገድ ስንጀምር «እንግዲህ የአጎቶቿ ከሆነች ቡናችንን ይመልሱልን» አሉ። የምራቸውን ነው የቀልዳቸውን አላወቅኩም። ሳቅኩ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ቤት ስደርስ ደብዳቤ ከበሩ ሥር ገብቶ አገኘሁ። ለሥራው ጥቅም ሲባል ወደ ማጂ ተዛውረሻል ይላል። ማክሰኞ እንድነሣ ይላል። ማጂን፣ ያንን የመንገድ መጨረሻ፣ የሚያውቅ ሰው ይኼ ዝውውር ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም። ሲዲው በኤግዚቢትነት ቀርቷል።

እሑድ፣ ግንቦት 20

ዕቃ አሰርኩ። ጋሽ ሸምሱ ካርቶን አመጣልኝ። «ጥሩ ተርጓሚ ነበርሽ» አለኝ፣ የሞተ ሰው እንደሚወደስ። ስሜን ለፖሊስ እንዳልሰጠ መስማቴን ልነግረው ፈለግኩ፤ አልወጣልኝም። ሻይ ጠጣን። ቪዲዮ ቤቱን ሲከፍቱለት የሕንድ ብቻ እንደሚያሳይ ነገረኝ፤ ሕንድ ትርጉም አይፈልግም።

ሰኞ፣ ግንቦት 21

ፈታኝ እንዳልሆን ተሰርዣለሁ። አጥር ውጭ ቆምኩ። ካፊያ ነበር። በሩ ላይ መታወቂያ እያዩ ያስገባሉ። ጥሩወርቅ መታወቂያዋን አሳየች፤ ዘበኛው አየው፣ ፊቷን አየ፣ አሳለፋት። አራተኛውን መስመር አንብቦት እንደሆነ አላውቅም። እግሬ እስኪደነዝዝ እዚያው ቀረሁ።

የጠዋቱ እንግሊዝኛ ነበር። ከሁሉ ቀድማ ወጣች። የከንፈሯ እብጠት ጎድሏል። አንጓዋ ላይ ፀሐይዋ የነበረችበት ቦታ ተፈትጎ ቆዳው ቀልቷል፤ ሌላ ምልክት የለም።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ቀላል ነበር። ስለ ንብ የሚያወራ ምንባብ አለው።»

መታወቂያዋን ከደብተሯ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ። ገና አዲስ ነው፣ ላስቲኩ ያብረቀርቃል። ፎቶው ላይ የምታየው ካሜራውን አይደለም።

«አሁን የማን እንደሆንኩ ታውቋል፣ ቲቸር» አለችኝ።

እየቀለደች አልነበረም። እያማረረችም አልነበረም። የተረጎመች ያህል ነው የተናገረችው።

የምላት ቃል ፈለግኩ። ሁለት ቋንቋ አውቃለሁ፤ በሁለቱም ፈለግኩ። አልመጣልኝም። የተሳሳተ እንኳ አልመጣልኝም። መታወቂያውን መለስኩላት። ለከሰዓቱ ሒሳብ አጥኚ አልኳት። እሺ ብላ ሄደች።

ነገ በጠዋት በጭነት መኪና ወደ ማጂ እሄዳለሁ፣ መንገዱን ዝናቡ ካልዘጋው።